የማይሄድ ብስክሌት

በለጥሻቸው መቀሷን ረስታ ከመንገድ ባትመለስ ኖሮ ነገሩን ሳታውቀው ትቀር ነበር። ከልብስ ስፌት ማኅበሩ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቦርሳዋን ብትዳብስ መቀሱ የለም፤ የማኅበሩ መቀስ ደግሞ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ተመልሳ ስትመጣ የቤቷ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የስፌት መኪናዋ መርገጫ ይሰማል፤ ግን መርፌ ጨርቅ ሲወጋ የሚያሰማው ድምፅ የለበትም፤ ባዶውን ኪው፣ ኪው ይላል። በሩን ገፋ ብታደርገው አባቷ መሪጌታ ኃይለ ማርያም መኪናው ፊት ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ግራ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው በጣታቸው ጫፍ መርገጫውን ይረግጣሉ። መርገጫውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አውልቀው ምስማር ላይ ሰቅለውታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቁጠሩ ያዚሙ አልለየችም።

ሲያዩዋት እግራቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ። ቀኙ ተሰበሰበ፤ ግራው እምቢ አለ።

“ምን ረሳሽ?” አሉ።

“መቀስ።”

“ያውልሽ፣ መደርደሪያው ላይ።”

መቀሱን ወሰደች። መውጣት ነበረባት፤ አልወጣችም። መሪጌታ ወደ ቤቷ ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ በእነዚህ ሁለት ወራት በአባትና በልጅ መካከል የተነገረው ሁሉ ከዚህ የረዘመ አልነበረም። ውሃው ሞቋል፤ ሽሮው ጨው በዝቶበታል፤ ዝናቡ ሊመጣ ነው። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ በወር ስምንት ብር። የፊተኛው ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ ተለብዷል፤ መሪጌታ ቀኑን የሚገፉት ያንን ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች በማንበብ ነው። አንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገታቸውን አዘንብለው ያነቡታል። የኋለኛውን ክፍል ከነአልጋው ለቃላቸው እርሷ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህም ከሥራ ስትገባ “መጣሽ?” የሚላት ድምፅ ከኋለኛው ክፍል ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትደነግጥ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ ድምፁን በር ላይ ቆም ብላ ትጠብቅ ነበር።

በጥር መሪጌታ ከቀብር ሲመለሱ ከደብራቸው በላይ ካለው ገደል ተንሸራትተው ጭናቸው ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ አስሮ አጥንቱን ገጠመው። አጥንቱ ደህና ያዘ፤ ሁለት ወር ሙሉ ተዘርግቶ የከረመው ጉልበት ግን መታጠፉን ረሳ። ምእመናኑ በቅሎ ላይ በጎን አስቀምጠው፣ ከግራ ከቀኝ ደግፈው ገደሉን አወጧቸውና መካነ ሰላም፣ ልጃቸው ደጅ አደረሷቸው። እርሷም ተቀበለች። የቆየው ነገር በሁለቱም አፍ አልወጣም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለአንድ ዲያቆን ድረዋት ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ በእግሯ ደሴ፣ አክስቷ ዘንድ ገባች። ስፌቱንም የተማረችው እዚያ ነው። ይህ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። እናቷ ወለተ ማርያም ያረፈች ጊዜ ለቅሶው ላይ ተገናኝተው፣ እንደ ሩቅ አገር ዘመዳሞች ተሳስመው ተለያይተዋል። ልጅ ሳለች እንደ ተማሪዎቹ ሁሉ “የኔታ” ነበር የምትላቸው፤ አሁንም ሌላ መጠሪያ አልመጣላትም።

“የኔታ፣ እግርዎን ምን እያደረጋችሁት ነው?” አለች፤ ስትቸኩል አንቱታው አንዳንዴ እንዲህ ይደበላለቅባታል።

“ያ ጤና ረዳት፣ ካሳ፣ ጉልበቱ በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል አለ። ብስክሌት ቢሆን ደግ ነበር አለ። እኔ ብስክሌት ላይ?” ፈገግ ሊሉ ዳዳቸው። “ይኼ መርገጫ አለው ብዬ ነው። ቺንጋውን ያወለቅሁት እንዳይበላሽብሽ ነው።”

“መቼ ነው እንዲህ ያለዎት?”

“የዛሬ ሦስት ሳምንት።”

ጎንበስ ብላ እግራቸውን አየች። ይህንን መኪና አሥራ ሁለት ዓመት ረግጣዋለች፤ የትኛውን አካል እንደሚያደክም ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። “ይኼ የሚያንቀሳቅሰው ቁርጭምጭሚትን ነው፤ ጉልበትዎ ንቅንቅ አላለም” አለች። መሪጌታ ሦስት ሳምንት የለፉበትን መርገጫ ቁልቁል አዩት።

በለጥሻቸው ወደ ማኅበሩ ሄዳ ስለ አባቷ አስፈቀደችና በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር፤ የመጀመሪያ ኮቷን ከመስፋቷ በፊት የአክስቷን ባል ኮት ስፌቱን ተርትራ፣ ገበሩን ገልብጣ፣ መልሳ እስክትሰፋው ሦስት ቀን ብርድ አስመትታዋለች። ሰዉ ሁሉ “ዶክተር” የሚለውን፣ እርሱም ማረሙ የሰለቸውን ካሳን ሲሪንጅ ሲቀቅል አገኘችው።

“እትዬ በለጥሻቸው፣ አባትሽ አልነገሩሽም እንዴ? እኔ የተማርኩት መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ነው፤ ያየሁትን ግን ልንገርሽ” አለ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የመጣው የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ሐኪሞች እግራቸው የተጎዳ ሰዎችን የሚያለማምዱባቸው ሁለት ብስክሌቶች ነበሯቸው። ቤት ውስጥ የሚቀመጡ፣ የሚሽከረከሩ ግን የማይሄዱ። አንደኛው እንደ ማንኛውም ብስክሌት ኮርቻ አለው፤ ሁለተኛው ወንበር ነው፤ ጀርባን ደገፍ አድርገው ተቀምጠው ፔዳሉን ከሥር ሳይሆን ከፊት ለፊት ይረግጡታል። ነጯ ሲስተር ወገባቸውና ጭናቸው የተጎዳውን ወንበሩ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። “ልጠይቃት ይገባኝ ነበር” አለ ካሳ፤ “ያኔ በቀን ሁለት መቶ ሰው ይመጣብን ነበር።” ድርጅቱ ባለፈው ጥቅምት ሄዷል፤ የተወውን ዕቃ የአውራጃው መጋዘን ወስዶታል፤ ያም ዕቃ ሁሉ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሐራጅ ይሸጣል። “ቀስ ብለው ከጀመሩ፣ በቀን አሥር ደቂቃ፣ በሁለት ሦስት ወር ጉልበቱ ይፈታ ይሆናል። አብሽሪ።”

የመጋዘኑ ግቢ በበርሜል፣ በታጣፊ አልጋና ብል በበላው ብርድ ልብስ ተሞልቷል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ አድማሴ መዝገብ ታቅፎ ይዞራል። ሁለቱ ብስክሌቶች ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። ኮርቻ ያለው ገና ያብረቀርቃል፤ መሪው ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ መነሻው ሠላሳ ብር። ወንበር ያለው አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል፤ የመቀመጫው ቆዳ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፤ መነሻው ሃያ ብር።

“አዲሱን ውሰጂ” አላት ጋሽ አድማሴ፤ “ያኛው ወንበር ነው ወይስ ብስክሌት፣ እኔ ራሴ መዝገቡ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፈው ጨንቆኝ ነበር። ‘ወንበር፣ ፔዳል ያለው’ ብዬዋለሁ።”

መምረጥ ያለባት እንደ ጨርቅ ነው፤ በዓይን ሳይሆን በእጅና በልክ። መጀመሪያ የሚያብረቀርቀው ላይ ወጣች። ለመውጣት ቀሚሷን መሰብሰብ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ማሻገር ነበረባት፤ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ ወይም ያዞሩ መሰሉ። መሪጌታ ያንን የደረቀ እግር ከፍ አድርገው በብረቱ ላይ ሲያሻግሩ፣ ቀሚሳቸው ኮርቻው ላይ ሲሰበሰብ ታያት፤ አንድ ቀን ሞክረው ሁለተኛ እንደማይነኩት አወቀች። ወንበሩ ላይ ግን ሰው ቤት ሄዳ እንደምትቀመጥ ቁጭ አለች። ጀርባዋን ጣለችበት፤ እግሮቿን ዘረጋች፤ ረገጠች። ከባድ የብረት ጎማ ፊት ለፊቷ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ፤ ሥራ አቁማ እንደምታርፍ ሰው ሆና መሥራቷ ገረማት። ወንበሩ ሐዲድ ላይ ነው፤ ብሎኑ ሲላላ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሄዳል።

አጠገቧ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሌላኛውን ጎማ ያሽከረክራል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ቢላና ማጭድ የሚስለው ሞላ ነው፤ መቀሷን ሁለት ጊዜ ስሎላታል።

“ሚዛኑን የጠበቀ ጎማ ነው፤ የመሳያ ድንጋይ ቢገጠምበት የአውራጃውን ቢላ ሁሉ ይስላል” አለ። “አንቺ ምን ልታደርጊው ነው፣ እቴ?”

ነገረችው። ሞላ የሚስቅ መስሏት ነበር፤ አልሳቀም። ተነሥቶ የወንበሩን ብስክሌት ዞረው። የፔዳሉን ክንድ በአውራ ጣቱ ጠረገና “እዚህ ሦስት ቀዳዳ አለ” አለ።

ወዲያው ጎንበስ አለች። እንደ ቀበቶ ቀዳዳ ተከታትለው የተበሱ ናቸው፤ ፔዳሉ አሁን ያለው በዳርኛው ላይ ነው። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ፔዳሉ በዳርኛው ቀዳዳ ሲዞር የክቡ ስፋት ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወደ መካከለኛው ቢዛወር ሃያ አምስት፤ ወደ ውስጠኛው ቢዛወር አሥራ ስድስት። የሚያብረቀርቀውም ሠላሳ አራት ነው፤ ግን ክንዱ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ሲስተሯ የታመመውን ለምን ወንበሩ ላይ ታስቀምጥ እንደነበር በዚያ ቅጽበት የገባት መሰላት፤ በትንሿ ክብ ጀምራ፣ ጉልበቱ ሲለምድ ክቡን ታሰፋዋለች። ካሳ ያልጠየቀውን ጥያቄ ቀዳዳዎቹ መለሱላት። ቀሪው አንድ ነገር ነው፤ የአባቷ ጉልበት አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር ይታጠፍ ይሆን?

ቤት ስትደርስ መሪጌታ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። መዝሙሩን ከመሃል እንደማያቋርጡ ስለምታውቅ እስኪጨርሱ ቆመች።

“የኔታ፣ እግርዎን ልለካ።”

“ሱሪው ልኬ ነው፤ አልጠበበኝም።”

“ለሱሪ አይደለም።”

ነገረቻቸው። መሪጌታ የሚጠይቁት እንደ መምህር ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አያልፉም። “ከቦታው አይንቀሳቀስም?” አሉ። አይንቀሳቀስም አለች። “ታዲያ ስንት ጊዜ ሲሽከረከር ነው ደረሰ የሚባለው?” በለጥሻቸው ሳቋ አመለጣት። እርሳቸው ፊት ስትስቅ ምናልባት ከልጅነቷ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ መሪጌታም ቀና ብለው አዩዋት።

የቤቱን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋች፤ ጀርባቸውን ጋዜጣው ላይ ደገፍ አደረጉ። እግራቸውን ዘርግተው ተረከዛቸው ያረፈበትን በጠመኔ አሠመረች፤ ከግድግዳው ዘጠና ሰባት። “አሁን የቻሉትን ያህል ወደ ራስዎ ይሳቡት” አለች። ሳቡት። ጉልበታቸውን በአንድ እጇ፣ ተረከዛቸውን በሌላው ይዛለች። መጀመሪያ ከመጡ በኋላ ልብስ ልትሰፋላቸው ስትለካቸው ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ወገባቸውን ነክታለች፤ ያኔ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ዛሬ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፤ እጃቸው ሳያስቡት የእርሷን ትከሻ ጨበጠ። ሰማንያ ላይ ቆመ። ቀነሰች፤ አሥራ ሰባት።

“ይበቃል?” አሉ።

“አንድ ይተርፋል።”

እጃቸው ከትከሻዋ ላይ ገና አልተነሣም። “ይበቃል ካልሽ ደግ” አሉ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ባለፈው ገበያ ከደብሩ ሰው ልከውብኛል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልወረድሁ ሌላ የድጓ መምህር ሊያስመጡ ነው። ተማሪዎቹ እየተበተኑ ነው። ገደሉን የሚወርድ ሰው ጉልበቱን ካላጠፈ እንደማይሆን ታውቂያለሽ” አሉ።

አታውቅም ነበር። ገደሉን ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለች በቂጧ እየተንሸራተተች ወርዳዋለች። የማታውቀው መልእክት መምጣቱን፣ ሳምንት ሙሉ ይዘውት መቀመጣቸውን ነው። ሜትሩን ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የምትገዛው የአባቷን ጉልበት ይመስላት ነበር፤ የምትገዛው መሄጃቸውንም ነው። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በኋላ የኋለኛው ክፍል እንደ ቀድሞው የጨርቅ ማስቀመጫ ይሆናል። ከሳጥኗ ለቆርቆሮ ማደሻ ያስቀመጠቻትን አርባ አምስት ብር አወጣችና መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ሞላ። ጋሽ አድማሴ በርሜሎቹን ሸጠ፤ አልጋዎቹን ሸጠ። የሚያብረቀርቀውን ብስክሌት ሞላ በሃምሳ ሁለት ብር ወሰደው፤ ሰዓቱን እዚያው ፈትቶ ለአንድ ለሚፈልገው ሰው ሸጠለት። ከዚያ “ወንበር፣ ፔዳል ያለው” ተባለ። በለጥሻቸው ሃያ አለች። ሌላ የሚፈልገው አይኖርም ብላ አስባ ነበር፤ ግን አንድ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ከኋላ ሃያ ሁለት አለ። የመኪናው መቀመጫ ጀርባ ተሰብሮበታል፤ ይህ መደገፊያ ተነቅሎ ቢገጠም ልክ ይሆናል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበታል። ሃያ አምስት አለች። ሃያ ስምንት አለ። እንዲህ እየተባባሉ ሾፌሩ ሠላሳ ሰባት ላይ ደረሰ።

“ሠላሳ ሰባት፣ አንደኛ” አለ ጋሽ አድማሴ።

በለጥሻቸው ዝም አለች። ብሩ አላለቀባትም። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ማንም አያውቅም። ሌላ ሰው በለጠኝ ብላ ባዶ እጇን ትገባለች፤ መሪጌታም ደግ ልጄ ለፋሽ ይሏታል፤ ክረምቱ ይመጣል፤ ነሐሴ ያልፋል፤ ማታ ማታ ከኋለኛው ክፍል “መጣሽ?” የሚለው ድምፅ ይቀጥላል። ሐሳቡ ይህን ያህል ሳይቸገር ወደ ልቧ መግባቱ አስደነገጣት። እጃቸው የጨበጠው ትከሻዋ ገና ያማታል።

“ሠላሳ ሰባት፣ ሁለተኛ።”

“ሠላሳ ዘጠኝ” አለች፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ።

ሾፌሩ አርባ ሊል አፉን ሲከፍት ሞላ አንድ በርሜል ላይ ተቀምጦ “አንተ፣ መደገፊያውን በምን ልታወልቀው ነው?” አለው። “ብሎን መስሎህ ከሆነ ቀርበህ እይ። ብየዳ ነው። ደሴ ወስደህ ካላስቆረጥኸው በቀር ከነፔዳሉ ነው መንዳት።” ሰው ሳቀ። ሾፌሩ ቀርቦ አየ፤ ከሥር በጣቱ ዳሰሰው፤ እውነት ብየዳ ነው። እጁን አራግፎ ወደ ኋላው ተመለሰ። ጋሽ አድማሴ ሦስተኛ አለና መዝገቡን ከፈተ።

የከበደው ማጓጓዙ ነበር። ጎማው ብቻውን የአንድ ሰው ሸክም ነው። ካሳ የጤና ጣቢያውን ቃሬዛ አበደራት፤ ሞላና አንድ የቀን ሠራተኛ ተሸከሙት፤ ካፊያ ስለ ጀመረ ሸራ አለበሱት። በለጥሻቸው ከኋላ ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ስትከተል በገበያው መንገድ ያለው ሰው ሁሉ መቆም ጀመረ። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ “እግዜር ይማራቸው፣ መሪጌታ ናቸው?” አለች። በለጥሻቸው “ኧረ ደኅና ናቸው፣ ይኼ ብስክሌት ነው” አለች፤ ሴትዮዋ ሐዘን አእምሮዋን ያናወጣት መስሏት ክንዷን ደገፈቻትና እስከ ቤቷ ሸኘቻት። በር ላይ መሪጌታ በምርኩዛቸው ቆመው ቃሬዛውን ሲጠብቁ ስታይ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አማተበች። ሞላ ሸራውን ሲገልጠው ሁሉም ሳቁ፤ መሪጌታ ከሁሉ የበለጠ ሳቁ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እስኪጠርጉ።

የፊተኛውን ክፍል አስፋፉት፤ የስፌት መኪናው ወደ መስኮቱ ሄደ። ሞላ ፔዳሎቹን ፈትቶ ውስጠኛው ቀዳዳ ላይ አሰራቸውና የመፍቻ ቁልፉን ለኋላ ይሆንሻል ብሎ ትቶላት ሄደ። በለጥሻቸው የተቀደደውን መቀመጫ በወስፌና በወፍራም ክር ጠቀመችው። ከዚያ ሐዲዱን በሜትር ለክታ ወንበሩን አስተካከለችና “ይቀመጡ” አለች።

መሪጌታ ብስክሌቱን አንድ ጊዜ ዞሩት። ወንበሩን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉ፤ እግሮቻቸውን አንድ በአንድ ፔዳሎቹ ላይ አኖረችላቸው፤ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አለበሰች። መጀመሪያ ግማሽ ክብ ሄደው ቆሙ፤ ወደ ኋላ መለሱት። እንደገና ግማሽ፤ እንደገና መለሱ። ካሳ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብሏታል። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ገፉት፤ ጉልበታቸው ጋቢው ሥር ከፍ አለ፤ ትንሽ ቆየ፤ ወረደ። ጎማው ቀስ ብሎ ዞረ።

“ዞረ” አሉ።

“ዞረ፣ የኔታ።”

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠና። በለጥሻቸው ያላለቀ ቀሚስ ይዛ ቁልፍ መትከል ጀመረች። መሪጌታ ይረግጣሉ፤ አንዳንዴ ሲያማቸው ያቆማሉ፤ ይቀጥላሉ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ከቆይታ በኋላ፣ ስለ ዝናቡ በሚናገሩበት ድምፅ፣ “ደሴ በእግርሽ ስንት ቀን ፈጀብሽ?” አሉ።

መርፌው ቁልፉ ውስጥ ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ጠይቋት አያውቅም። “ስድስት” አለች።

“አቀስታ የደረስሽው በሦስተኛው ነው።”

“እንዴት አወቁ?”

እግራቸው አላቆመም። “ተከትዬሽ መጥቼ ነበር። አንድ ቀን ቀድመሽኛል። አቀስታ ከገበያው ዳር አንዲት ሀሊማ የምትባል ሴት ነበረች፤ መንገደኛ ታሳድር ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ አይተሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ወላሂ አላየሁም አለችኝ። እናትሽ የጠለፈችልሽ ቀሚስ ግን አጥሯ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ዝናብ መቶሽ ኖሯል።”

በለጥሻቸው ሀሊማን አስታወሰቻት። ገብስ ቂጣ አብልታ፣ በሁለት ልጆቿ መካከል አስተኝታ፣ የራሷን ልብስ አልብሳ የሰደደቻት ሴት ናት፤ ቀሚሱ አልደረቀም ነበርና እዚያው ቀርቷል።

“ለምን አልገቡም?” አለች።

“አጥሩን ይዤ ብዙ ቆምሁ። ብገባ ትነግረኛለች፤ ከነገረችኝ ደርሼ እመልስሻለሁ። መለስኩሽ ማለት ደግሞ ለነዚያው መልሼ ሰጠሁሽ ማለት ነው። ቀሚሱን አየሁት፤ በርዶሽ ሌሊቱን ውጭ አላደርሽም ማለት ነው አልሁ። ተመለስሁ። ለእናትሽ ደኅና ናት አልኋት። ለዲያቆኑ ቤተ ዘመድ ዱካዋ ጠፋ አልኋቸው። መጀመሪያውኑ የሰጠሁሽ እኔ ነኝና፣ ይኼን ላንቺ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም ነበር።”

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ብዙ ነገር ልትላቸው ትችል ነበር፤ የምትቆጣበትም የምታለቅስበትም ነገር ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ በር ላይ ተጨናነቀባት። ካሳ ያለው አሥር ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል። መሪጌታ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ግን እግራቸውን አላነሡም፤ ፊታቸውንም ከግድግዳው ወደ እርሷ መለሱ።

“እስከ አቀስታ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ” አሉ። “ከአቀስታ ወዲያ ያለውን ንገሪኝ።”

በለጥሻቸው የተቀመጠችበትን ዱካ ወደ ብስክሌቱ አስጠጋች፤ ከአራተኛው ቀን ጠዋት ጀመረች።